የመጋረጃ ሳጥን እቤት ሲሠራ፦ ችግሩ፣ መነሻውና መፍትሄው

ከመስኮት በላይ ተሰቅሎ የመጋረጃውን ብረትና ቀለበት የሚሸፍነው የእንጨት ሳጥን ለመሥራት ከባድ አይደለም። አንድ የፊት ጣውላ፣ ሁለት የጎን፣ ከላይ ክዳን፤ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ከተሰቀለ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ያኔ ጥፋቱን በመጋዙ ያሳብባል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ግድግዳውን ነው፤ ቀጥሎ የእንጨቱን እርጥበት።

ሳጥኑ ከግድግዳው እየለቀቀ ነው

ወደ ፊት አዘንብሏል፣ ከኋላው ክፍተት ይታያል፣ ብሎኑን ስታጠብቁት ዝም ብሎ ይዞራል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ምክንያቱ እዚያው ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ አጭር ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ) የሚይዘው ልስኑንና ስሱን የብሎኬት ገጽ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሎ ጠዋት ማታ ሲጎተት ይፈታል።

እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ክብሪት እንጨት መጠቅጠቅ የተለመደ ነው። ለሳምንት ይይዛል፣ ከዚያ ያው ነው። ይልቅ ከመስኮቱ በላይ ያለውን አርኪትራቭ፣ ማለትም የኮንክሪት አግዳሚውን፣ ፈልጉ። ድፍን ኮንክሪት ስለሆነ ፊሸር በደንብ ይይዛል። ድሪሉ ይነግራችኋል፤ ብሎኬት ላይ ትንሽ ገብቶ በድንገት ባዶ ውስጥ ይሰምጣል፣ ኮንክሪት ላይ ግን እስከ መጨረሻው ይታገላችኋል። ስለዚህ የሚመታ ድሪል ያስፈልጋል፤ ከሌላችሁ ተዋሱ። ለ8 ሚሊ ሜትር ፊሸር 8 ሚሊ ሜትር መብሻ ተጠቀሙ። የልስኑን ውፍረት እንደሚይዝ አትቁጠሩት፤ ፊሸሩ ሙሉ በሙሉ ኮንክሪቱ ውስጥ መግባት አለበት። ብረት ካጋጠማችሁ አትታገሉት፣ ቀዳዳውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን አዙሩት። የኤሌክትሪክ መስመር በዚያ ያልፍ እንደሆነም አስቀድማችሁ አጣሩ።

የጭቃ ቤት ላይ ፊሸር አይታሰብም። በመዶሻ ቀስ እያላችሁ አንኳኩና የግድግዳውን ቋሚ እንጨቶች ፈልጉ። ከአንዱ ቋሚ እስከ ሌላው የሚደርስ ጠንካራ ጣውላ በረጅም ብሎን እሰሩ። ሳጥኑን የምትሰቅሉት በዚህ ጣውላ ላይ ነው።

ማዕዘኑ ተከፍቷል

መቼ ተከፈተ? ገና ሲገጠም ከሆነ፣ ማዕዘኑ ላይ የሚገናኙት የጣውላዎቹ ጫፎች በ45 ዲግሪ በትክክል አልተቆረጡም። ከሳምንታት በኋላ ከሆነ ግን እንጨቱ እርጥብ ነበር። በተለይ ባሕር ዛፍ ሳይደርቅ ከተሠራ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃልም። ከእንጨት መሸጫ የመጣ ጣውላ ከመጠኑ በላይ ከከበዳችሁና ሲዳስሱት ከቀዘቀዘ ቤት ውስጥ በየመሃሉ ታኮ (ትናንሽ እንጨት) እያስገባችሁ አነባብራችሁ አቆዩት። በክረምት የተገዛ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ታገሡ።

የተከፈተውን ወዲያው በስቱኮ መድፈን አይጠቅምም። እንጨቱ መንቀሳቀሱን ካልጨረሰ ስቱኮውም ይሰነጠቃል። ጥቂት ጊዜ ጠብቁ፤ ከዚያ የእንጨት ኮላን ከራሱ ከጣውላው ሰጋቱራ ጋር ለውሳችሁ ሙሉት። ከውስጥ በኩል ማዕዘኑ ላይ ትንሽ እንጨት በኮላና በብሎን ደግፉ።

በግሌ፣ ለጀማሪ 45 ዲግሪ መቁረጥን አልመክርም። የፊቱ ጣውላ የጎኖቹን ጫፍ ሸፍኖ እንዲያልፍ አድርጉ። ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው መጋጠሚያው አይታይም።

በውሃ ልክ ትክክል ነው፣ ለዓይን ግን ጠማማ ነው

ኮርኒሱ ራሱ አዘንብሏል ማለት ነው። ሳጥኑ ለኮርኒሱ ቅርብ ከሆነ ውሃ ልኩን ተዉትና ኮርኒሱን ተከተሉ፤ ዓይን የሚያወዳድረው ከእሱ ጋር ነው። ራቅ ካለ ግን ውሃ ልኩን እመኑ።

የጎኑ ጣውላ ከግድግዳው ጋር ካልገጠመም ጥፋቱ የልስኑ ነው። ሳጥኑን አስጠግታችሁ የግድግዳውን ጉብታ በእርሳስ ጣውላው ላይ አስምሩ፣ ከዚያ መስመሩን ተከትላችሁ በመላጊያ ቅነሱ።

መሃሉ ረግቧል

ሳጥኑ 2 ሜትር ካለፈ ሁለት ጫፍ ላይ ብቻ ማሰር አይበቃም። መሃል ላይ አንድ ደጋፊ ብረት ጨምሩ።

መጋረጃው ሲሳብ ይያዛል

ጥልቀቱ አንሷል። ለአንድ መጋረጃ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ለስስና ለወፍራም ሁለት መጋረጃ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ማፍረስ የለባችሁም። ግድግዳው ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ እሰሩና ሳጥኑን በእሱ ላይ ስቀሉት፤ በጎን የሚታየውን ክፍተት በስስ እንጨት ዝጉ።

ብሎኑ ሲገባ እንጨቱ ይሰነጠቃል

መጀመሪያ ከብሎኑ ቀጠን ባለ መብሻ ብሱ፤ ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን 3 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ከጫፉም ራቅ በሉ። ቺፕውድ ከሆነ ግን ጠርዙ ላይ ብሎን ማስገባቱን ተዉት፤ ይፈረፈራል። ከውስጥ የእንጨት ድጋፍ አድርጋችሁ በገጹ በኩል እሰሩ።

ቫርኒሹ ነጠብጣብ ሠርቷል

የተንጠባጠበ ኮላ ነው፤ ቫርኒሽ አያስገባም። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት፣ በ120 ከዚያ በ220 ቁጥር፣ እስከ እንጨቱ ጥረጉና እንደገና ቀቡ። ለቀጣዩ ሥራ ኮላው ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ አብሱ። ቫርኒሹ ቀናት አልፈውም የሚጣበቅ ከሆነ በአንዴ ወፍራም ተቀብቷል፤ መስኮት ከፍታችሁ አናፍሱት፣ ካልደረቀ ፍቃችሁ በስሱ ደጋግማችሁ ቀቡ።