ሞትን እያሰቡ በደንብ መኖር እንዴት ይለመዳል?

ሞት ሲነሳ ብዙ ሰው "ኧረ አታሟርት!" ይላል። ስቶይኮች የሚባሉት የጥንት ግሪክና ሮም ፈላስፎች ግን ሞትን የሚያስቡት ዛሬያቸውን ላለማባከን ነበር። ከእነሱ አንዱ የሆነው ሮማዊው ሴኔካ እንደሚለው ችግራችን የዕድሜ ማጠር ሳይሆን ያለንን ማባከናችን ነው፤ ገንዘባችንን አጥብቀን እንይዛለን፣ ጊዜያችንን ግን ለጠየቀን ሁሉ እንበትናለን።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል። አዲስ ሐዘን ላይ ካላችሁ ወይም የሞት ሐሳብ ራሱ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ይህን ለጊዜው ተዉት። ሕይወቴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ንገሩ፣ ወደ ሐኪምም ሂዱ።

መጀመሪያ ጠዋት ላይ፣ ስልካችሁን ሳትከፍቱ፣ ቁጭ በሉና "ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ሊሆን ይችላል" በሉ። በቃ። ሬሳ ሳጥን ምናምን በሐሳብ መሳል አያስፈልግም። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ የመጨረሻ ቀኔ ከሆነማ ሥራውን ጥዬ ልዝናና ይላሉ። እ.ኤ.አ. ከ161 እስከ 180 ሮምን የገዛው ስቶይኩ ንጉሠ ነገሥት ማርከስ ኦሬሊየስ፣ ጦርነትና ወረርሽኝ በተፈራረቁበት ዘመን፣ ለራሱ በያዘው ማስታወሻ የጻፈው ሌላ ነው፦ እያንዳንዱን ሥራ የሕይወትህ የመጨረሻ ሥራ እንደሆነ አድርገህ ሥራው። ያንኑ የተለመደውን ሥራ፣ ግን ሳይለግሙና ሳይነጫነጩ።

ቀጥሎ ሐሳቡን ወደ አንድ ተግባር አውርዱት። ለእኔ ዋናው ይሄ ነው፤ ይህ ከሌለ ነገሩ ባዶ ትካዜ ሆኖ ይቀራል። "ዛሬ ሳላደርገው ብቀር የሚቆጨኝ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁና አንድ ነገር ብቻ ጻፉ። ትንሽ ይሁን። "ከወንድሜ ጋር እታረቃለሁ" ካላችሁ ለወራት ይንከባለላል፤ "ከምሳ በፊት ለወንድሜ ደውዬ እንዴት ነህ እለዋለሁ" ካላችሁ ግን ይደረጋል።

ከባዱ ልምምድ የምንወዳቸውን ሰዎች የሚመለከተው ነው። በባርነት ያደገው ሌላው ስቶይክ ኤፒክቴተስ በማሰሮ ጀምሩ ይላል፦ የምትወደው ነገር ተሰባሪ ማሰሮ መሆኑን ካስታወስክ ሲሰበር አትረበሽም። ከዚያ ወደ ልጅና ወደ ሚስት ይሻገራል፤ ስትስማቸው ሟች መሆናቸውን አትርሳ ይላል። ጭካኔ ይመስላል አይደል? ግን ሞክሩት። ልጃችሁ ሥዕሏን ይዛ መጥታ ይሄ ቤቱ ነው፣ ይሄ ውሻው ነው፣ ውሻው ደግሞ እግሩን ስለሚያመው ነው የተኛው እያለች ስታወራ፣ ዓይናችሁን ስልኩ ላይ ተክላችሁ "እእ፣ ጎበዝ" ከማለት ይልቅ፣ እሷም እኔም ሁሌ አንኖርም ብላችሁ ለአፍታ ብታስቡ ስልኩን ሳታውቁት ታስቀምጡታላችሁ። ይህ ሐሳብ ፍቅርን ያቀዘቅዛል የሚሉ አሉ። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው።

ማታ ውሏችሁን መርምሩ። ሴኔካ መብራት ጠፍቶ፣ ልማዱን የምታውቀው ሚስቱም ዝም ስትል፣ የተናገረውንና ያደረገውን ሁሉ ሳይደብቅ ይፈትሽ ነበር። ራሱን ግን አይደበድብም፤ ለአሁኑ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ሁለተኛ እንዳትደግመው ይለዋል። እናንተም እንደዚያው። ጠዋት የጻፋችሁትን ካላደረጋችሁት ነገ የምትጽፉት እሱኑ ይሁን፣ ሌላ አትጨምሩበት።