ከከሸፈ ሥራ እንዴት መማር ይቻላል?

አንድ አማካሪ ድርጅት ለሳምንታት የደከመበት የጨረታ ሰነድ የዋጋ ፖስታው እንኳ ሳይከፈት ከውድድር ውጭ ሆነ እንበል። ቴክኒካል ሰነዱ የተሟላ ነበር፤ ነገር ግን ከባንክ የቀረበው የጨረታ ማስከበሪያ፣ ማለትም ተጫራቹ ከጨረታው እንደማያፈገፍግ የሚሰጠው ዋስትና፣ ጸንቶ የሚቆይበት ጊዜ ከተጠየቀው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ በቢሮው ውስጥ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሰነዱን ያዘጋጀው ማን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚያስገኘው መልስ የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው፤ ስሙ ከታወቀ በኋላ ምርመራው ያበቃል፣ የሚቀጥለው ጨረታም በዚያው አሠራር ይዘጋጃል። ከውድቀት የሚገኘው ትምህርት በአብዛኛው የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ምክር በዋናነት ይህን የሚመለከት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ውድቀቱ በታወቀበት ዕለት መደረግ ያለበት ነገር ጥቂት ነው። የቅርብ አለቃዎ ነገሩን ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት የሆነውን ያለ ማስተባበያ ራስዎ ይንገሯቸው፤ የመልቀቂያ ደብዳቤም ሆነ ረጅም የመከላከያ ኢሜይል በዚያ ቀን አይጻፉ። ሐፍረቱና እንቅልፍ ማጣቱ ሥራውን ከልቡ የያዘ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ስለሆነ፣ ስሜቱን ለመደበቅ ከመታገል ይልቅ ከሚያምኑት ባልደረባ ጋር መነጋገር ይሻላል፤ ያ ሰው የሚያጽናና ብቻ ሳይሆን ሥራውንም የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል።

ቀጥሎ ያለውን ሥራ ግን ብዙዎች ይዘሉታል። በሁለትና በሦስት ቀናት ውስጥ ዋና ዋና ውሳኔዎቹን በቅደም ተከተል በጽሑፍ ያስፍሩ፤ በእያንዳንዱ ውሳኔ ሥርም በዚያን ጊዜ የሚያውቁትን፣ የማያውቁትንና ያመነቱበትን ነገር ይግለጹ። ለዚህ መቸኮል የሚያስፈልገው ትዝታ ስለሚለወጥ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ባሩክ ፊሽሆፍ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጥናት፣ የአንድን ክስተት ፍጻሜ የተነገራቸው ሰዎች ፍጻሜው አስቀድሞ በቀላሉ ሊገመት ይችል እንደነበር አድርገው እንደሚያስቡ አሳይቷል። ስለዚህ ወር ቆይቶ የሚጻፍ ማስታወሻ «መታወቅ ነበረበት» በሚል ፍርድ የተሞላ ይሆናል፤ በዕለቱ ሁኔታው ምን ያህል ግልጽ እንዳልነበረ የሚያሳየው የመጀመሪያው ሳምንት ማስታወሻ ነው።

ማስታወሻው ሌላም ጥቅም አለው፤ መጥፎ ውሳኔን ከመጥፎ ውጤት ለመለየት ያስችላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በተቆረጠ የብር ዋጋ ለማቅረብ ቀደም ብሎ የተዋዋለ አቅራቢ ለከባድ ኪሳራ ተጋልጧል። የተመን ለውጡን ቀን ባለማወቁ አቅራቢውን መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ውሉ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ እንዲኖረው ድርድር ተደርጎ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው። የመጀመሪያው የዕድል ጉዳይ ሲሆን፣ ሁለተኛው በቀጣዩ ውል ሊታረም የሚችል አሠራር ነው።

«ለምን?» ብሎ መጠየቅና ማቆሚያውን ማወቅ

የካይዘን (አሠራርን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል ዘዴ) ሥልጠና የወሰደ ሰው «አምስቱ ለምን» የሚባለውን፣ ከጃፓኑ ቶዮታ የመነጨውን ዘዴ ያውቀዋል። በጨረታው ምሳሌ እንየው። ማስከበሪያው ለምን አጠረ? ለባንኩ የተጻፈው ደብዳቤ የቀድሞውን የመዝጊያ ቀን መሠረት ስላደረገ። ለምን? ጨረታው የተራዘመበት የማሻሻያ ደብዳቤ ለፋይናንስ ክፍል ስላልደረሰ። ለምን? ደብዳቤው በኢሜይል የመጣው ለቴክኒክ ቡድኑ ብቻ ስለነበረ። ለምን? ከጨረታ አውጪው የሚመጣን መልእክት ተቀብሎ ለሁሉም የሚያደርስ አንድ ኃላፊ ስላልተመደበ። እዚህ ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ሊስተካከል የሚችል ነገር ተገኝቷል፤ ስለዚህ ጥያቄውን አምስት ለመሙላት ማራዘም አያስፈልግም።

ዘዴው የሚበላሸው መልሱ በሰው ጠባይ ላይ ሲያርፍ ነው። «ግዴለሽ ስለሆነች»፣ «ልምድ ስለሌለው» የሚሉ መልሶች እውነትነት ቢኖራቸውም ነገ ጠዋት ምን እንደሚደረግ አይናገሩም። እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመልሰው፣ ሌላ ጥንቁቅ ሰው በዚያው ቦታ ቢሆን፣ በዚያው ጥድፊያና በዚያው መረጃ ስህተቱን ያገኘው ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አያገኘውም» የሚል ነው።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በአባሪ 13 የአደጋ ምርመራ ብቸኛ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛን መለየት አለመሆኑን ይደነግጋል። የዚህ ድንጋጌ ክብደት ለእኛ ቅርብ ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰዎች ሲሞቱ፣ በአብራሪዎቹ ብቃት ላይ ያተኮረ ክርክር ተነሣ፤ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተመሳሳይ ሞዴል አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ በበረራ 302 የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸው አለፈ። በሁለቱም አደጋዎች አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው የቁጥጥር ሥርዓት በአንድ ዳሳሽ (ሴንሰር) የተሳሳተ መረጃ ብቻ ተመርቶ ነበር። ጉዳዩ በአብራሪ ስህተት ተደምድሞ ቢሆን ኖሮ ይህ የንድፍ ጉድለት ባልታረመ ነበር።

ከግምገማ በፊት የሚደረግ ስብሰባ

በመሥሪያ ቤቶቻችን የከሸፈ ሥራ የሚታየው በግምገማ ነው፤ ግምገማ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ሰውን መመዘኛ፣ ሒስና ግለ ሒስ ማቅረቢያ ሆኖ ስለኖረ፣ ሠራተኛው ወደ አዳራሹ የሚገባው ራሱን ለመከላከል ተዘጋጅቶ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ዝም ያለው ሁሉ በዚያ ቀን አስተያየት ያገኛል። በእኔ እምነት ሥራውን የሚመረምረው ስብሰባ ከአፈጻጸም ምዘናና ከዲሲፕሊን ጉዳይ ፈጽሞ መለየት አለበት፤ ሁለቱን በአንድ ቃለ ጉባኤ ማጠቃለል እውነቱ እንዳይነገር ያደርጋል። ማጭበርበር ወይም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት ካለ በራሱ መንገድ ይታይ።

ስብሰባውን የሚመሩ ከሆነ በመጀመሪያ የራስዎን ውሳኔ ለምርመራ ያቅርቡ፤ አስተያየት ሲሰጥ ግን በዕድሜና በሥልጣን ዝቅ ካሉት ይጀምሩ፤ አለቃ ከተናገረ በኋላ ተቃራኒ ሐሳብ የሚያነሣ ሰው በእኛ አገር እምብዛም ነው። ቃለ ጉባኤው ማን ምን እንዳጠፋ ሳይሆን ምን እንደሚለወጥ፣ ማን እንደሚያስፈጽመውና እስከ መቼ እንደሆነ ይመዝግብ። ከሁለት ለውጥ በላይ ከተመዘገበ አብዛኛው ሳይፈጸም ይቀራል።

ውድቀቱ ሥራን ያሳጣ እንደሆነ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። እንዲህ ከተሰናበቱ ጉድለቱ ምን እንደነበረ በትሕትና ይጠይቁ፤ መልሱ ቢያንስ ቀጣዩን ማመልከቻ ለማስተካከል ይረዳል። ከሙከራ ጊዜ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት እንደተሰናበቱ የሚያምኑ ከሆነ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ስለሚታገድ፣ ሐዘኑ እስኪያልፍ መቆየት መብትን ያሳጣል። የሥራ ልምድ ማስረጃዎን ደግሞ አሠሪው ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት።

በቀጣዩ ቃለ መጠይቅ ስለ ጉዳዩ ሲጠየቁ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ምን እንደተበላሸ፣ የእርስዎ ድርሻ ምን እንደነበረና ከዚያ ወዲህ የትኛውን አሠራር እንደለወጡ ይናገሩ። የቀድሞውን አሠሪ አያማርሩ፤ ነገሩን ለማስረዳት ሲባልም የቀድሞውን ድርጅት የጨረታ ሰነድ ወይም የዋጋ ዝርዝር አያሳዩ፤ ያንን ያየ ጠያቂ ነገ የእርሱንም እንደሚያወጡበት ይገምታል።