አውቶማቲክ ካምቢዮ በኤሌክትሪክ ችግር አንድ ማርሽ ላይ ሲቀር፦ ሳይወርድ እንዴት ይመረመራል?

ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣ አውቶማቲክ መኪና ዳገቱ መሀል በድንገት ጉልበት ቢያጣ፣ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ» የሚል ነው። ለዚህ አይቸኩሉ። ማርሹን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ከአንድ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ ዘይት የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) ወይም ሰንሰር የሚጠብቀው ምልክት ሲቋረጥበት፣ ካምቢዮው እንዳይጎዳ ብሎ ማርሽ መቀያየሩን ያቆማል። ያኔ መኪናው ባብዛኛው በሦስተኛ ማርሽ ብቻ ይሄዳል። ቆየት ባሉት ቶዮታዎች ላይ «ኦዲ ኦፍ» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ያቁሙና ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ቆይተው ያስነሱ። ማርሹ ተመልሶ መቀያየር ከጀመረ፣ ሲሞቅ ወይም ዝናብ ሲነካው ደግሞ እንደገና ከያዘ፣ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ ይሂድ። ቀስ በቀስ መንሸራተት የጀመረ፣ ዘይቱ የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ካምቢዮ ግን ጣጣው ውስጡ ነው፤ ሽቦ ሲለኩ ቢውሉ መፍትሔ አይገኝም።

1. ባትሪና ማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ መኪናው ብረት የሚሄደው መስመር)። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ተነስቶ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማንበብ አለበት። ቀጥሎ የፊት መብራቱንና ማራገቢያውን ያብሩ፤ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በካምቢዮው ብረት ላይ ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ የማሳው ገመድ ላልቷል ወይም ዝጓል። ይህን ሳያስተካክሉ ወደ ሌላው ማለፍ ልፋት ነው፤ ማሳ ሲደክም ኮምፒውተሩ ደህና በሆኑ ዕቃዎች ላይ ሳይቀር የብልሽት ኮድ ይመዘግባል። ፊውዞቹንም በዓይን ሳይሆን በቴስተር ይፈትሹ።

2. ኮዱን ማንበብ። ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ኮድ በኮድ ማንበቢያ ያንብቡና ከማጥፋትዎ በፊት ወረቀት ላይ ይጻፉት። ፒ0753 እና ፒ0758 የማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይዶችን የኤሌክትሪክ መስመር፣ ፒ0705 የማርሽ ቦታ ጠቋሚውን ስዊች፣ ፒ0710 የዘይት ሙቀት ሰንሰሩን፣ ፒ0715 እና ፒ0720 የፍጥነት ሰንሰሮቹን ይመለከታሉ። ፒ0730 ከመጣ የማርሹ ምጣኔ ተዛብቷል ማለት ስለሆነ መጀመሪያ የዘይቱን መጠን ይዩ። ኮድ የሚጠቁመው መስመሩን ነው። ፒ0753 አይቶ ሶሌኖይድ የሚገዛ ሰው፣ ከኮምፒውተሩ እስከ ካምቢዮው ያለው ሽቦ ተበጥሶ ከሆነ ገንዘቡን አባከነ።

3. ሶኬቱና ሽቦው። ብዙው ነገር የሚገኘው እዚህ ነውና ጊዜ ይስጡት። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፣ ካምቢዮው ላይ ያለውን ሶኬት ቁልፉን ተጭነው ይንቀሉ፤ ሽቦውን ይዘው አይጎትቱ። ፒኖቹን በባትሪ መብራት ይመልከቱ፦ አረንጓዴ ዝገት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ ወደ ኋላ የተገፋ ወይም አፉ የሰፋ ፒን አለ? ክረምት ላይ እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ የሚያድር መኪና፣ ወይም ላቫጆ ውስጥ ሞተሩ በግፊት ውሃ የታጠበ መኪና ሶኬቱ ውስጥ እርጥበት ይቋጥራል። ፒስታ ላይ የሚውል ደግሞ ከስር የሚፈናጠር ድንጋይ ሽቦውን ይልጠዋል። እህል ከተከመረበት ቤት አጠገብ ሰንብቶ ከሆነ አይጥ የበላው ሽቦ መኖሩንም ይፈትሹ። ሶኬቱን በኮንታክት ክሊነር አጽድተው ያድርቁት።

4. ሶሌኖይዱን መለካት። ቴስተሩን ወደ ኦም ያዙሩ። በብዙ ቶዮታዎች የማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይድ 20 ዲግሪ ላይ ከ11 እስከ 15 ኦም፣ የግፊት መቆጣጠሪያው ደግሞ 5 ኦም ገደማ ያነባል፤ ለሌላ መኪና የራሱን ማኑዋል ይዩ። አንድ ሽቦ ብቻ ያለውን በፒኑና በካምቢዮው ብረት መካከል ይለኩ። ባለ ሁለት ሽቦው የሚለካው በሁለቱ ፒኖች መካከል ነው፤ ከብረቱ ጋር ጨርሶ መገናኘት የለበትም።

ቀዝቅዞ ደህና ካነበበ አይርኩ፤ ካምቢዮው ሲሞቅ ይድገሙት። መዳብ ሲሞቅ ተቃውሞው ስለሚጨምር 13 ኦም የነበረው 100 ዲግሪ ላይ 17 ገደማ ቢደርስ ጤነኛ ነው። ሲሞቅ ጭራሽ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ጠመዝማዛው ውስጡ ተበጥሷል። በአባይ በረሃ ዳገት ላይ ብቻ የሚይዝ መኪና ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ችግር አለበት።

ከዚያ የካምቢዮውን ሶኬት መልሰው ሰክተው፣ የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቅለው ያንኑ መስመር ከኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ይለኩ። ካምቢዮው ጋ 13፣ ኮምፒውተሩ ጋ ምንም ካላነበበ ብልሽቱ መሀል ላይ ያለው ሽቦ ነው። ቴስተሩ እንደተሰካ ሽቦውን በየክንዱ ያወዛውዙ፤ ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ላይ የተበጠሰው አለ።

12 ቮልት ሰጥቶ «ጠቅ» ማለቱን መስማትም ይቻላል። ባለ 5 ኦሙን ግን በቀጥታ ከባትሪ አያገናኙ፣ ይቃጠላል፤ 21 ዋት አምፖል በመሀል ያስገቡ።

5. ሰንሰርና ስዊች። ባለ ሁለት ሽቦ የፍጥነት ሰንሰር በመቶዎች የሚቆጠር ኦም ያነባል፤ ወደ 600 አካባቢ የተለመደ ነው። መኪናው ፒ ላይ አልነሳ ብሎ ኤን ላይ ከተነሳ፣ ወይም ማርሹ አር ላይ ሆኖ አምፖሉ ደህና እያለ የኋላ ማርሽ መብራት ካልበራ፣ የማርሽ ቦታ ስዊቹ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል። ብሎኖቹን አላልቶ ማስተካከል ሊበቃው ይችላል።

የተበጠሰ ሽቦ በስታኞ ይበየድ፣ በሙቀት የሚጠብ ቱቦ ይሸፈን፤ ጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ መጠቅለል ክረምቱን አያልፍም። ኮዱን አጥፍተው ችግሩ በሚመጣበት ሁኔታ ይንዱት፤ ሲሞቅ የሚይዝ ከነበረ አሙቀው፣ መጀመሪያ ግን ሜዳ ላይ ይሁን እንጂ የአባይ ቁልቁለት ላይ አይሁን። ሽቦው፣ ማሳውና ሶሌኖይዱ ሁሉ ደህና ሆነው ያው ኮድ ከተመለሰ ብቻ ኮምፒውተሩን ይጠርጥሩ። እሱንም ከመግዛትዎ በፊት ከተመሳሳይ መኪና የወጣ፣ የክፍል ቁጥሩ አንድ የሆነ ኮምፒውተር ተውሰው ይሞክሩ፤ የቁልፍ ኮድ ያላቸው ሞዴሎች ላይ ግን ሞተሩ ላይነሳ ስለሚችል አስቀድመው ያጣሩ።