ታኪጊ ኖ፦ በጃፓን መቅደስ ግቢ በእሳት ብርሃን የሚታየውን ቲያትር እንዴት ማየት ይቻላል

ለትምህርትም ይሁን ለስራ ጃፓን ያላችሁ ልጆች፣ መቅደስ ሄዳችሁ ቀዩ በር ስር ፎቶ ተነስታችሁ ብቻ አትመለሱ። ታኪጊ ኖ የሚባል አለ፣ መቅደሱ ግቢ ውስጥ አመሻሽ ላይ ይጀመርና ሲጨልም በብረት ቅርጫት ውስጥ እንጨት አንድደው በዛ ብርሃን የሚቀጥሉት ቲያትር ነው። ኖ ማለት ጭምብል ተደርጎ የሚሰራ የጃፓን ጥንታዊ ቲያትር ነው፣ ካናሚ የተባለ ተዋናይና ልጁ ዜአሚ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መልክ ካስያዙት ጀምሮ ሳይቋረጥ እዚህ የደረሰ ጥበብ ነው። እንዴት እንደሚኬድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀኑን ያዙ። ለጀማሪ የምመክረው ኪዮቶ ከተማ ሄይአን ጂንጉ የሚባለው መቅደስ የሚደረገውን ነው፣ ከ1950 ጀምሮ ያለ ሲሆን በፈረንጆቹ ጁን 1 እና 2፣ ማለትም በኛ ግንቦት 24 እና 25 ነው የሚውለው። ሂሮሺማ አካባቢ ከሆናችሁ ደሞ ኢትሱኩሺማ መቅደስ ከኤፕሪል 16 እስከ 18 ኖ ያሳያል፣ ግን በእሳት ብርሃን ሳይሆን በቀን ነው፣ እዛ መድረኩ የተሰራው ባህሩ ላይ ስለሆነ ውሃው የሚሞላበትን ሰዓት አይታችሁ ሂዱ።

ትኬት ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ በር ላይ እገዛለሁ ብሎ መሄድ አያዋጣም። ኮንቢኒ (ሰፈር ውስጥ ያለው ትንሹ ሱቅ) ውስጥ ያለው የትኬት ማሽን በጃፓንኛ ስለሆነ ካልገባችሁ አብሯችሁ የሚማር ወይ የሚሰራ ጃፓናዊ ለምኑ። ትኬቱ ላይ 18፡00 ካለ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ እና ወንበሩ ቁጥር ከሌለው ቀድሞ የደረሰ ነው ፊት የሚቀመጠው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ታሪኩን አንብባችሁ ሂዱ። ሰው ሁሉ ይሄን ዘሎ ነው ሄዶ «ሲንቀራፈፍ አመሸ» ብሎ የሚመለሰው። ቋንቋው ጥንታዊ ነው፣ ጃፓኖቹ ራሳቸው ሁሉም ቃል አይገባቸውም፣ እኛ ግዕዙ ሳይገባን ቅዳሴውን ቆመን እንደምንከታተለው ማለት ነው፣ የቱ ጋ እንደደረሰ ስለምታውቅ ብቻ ነው አብረህ የምትሄደው። ለምሳሌ ሃጎሮሞ የሚባለውን እንውሰድ። አንድ አሳ አጥማጅ ጥድ ላይ የተሰቀለ ልብስ ያገኛል፣ የሰማይ ሴት ልብስ ነው፣ ያለሱ ወደ ሰማይ መመለስ አትችልም፣ ስትለምነው ከጨፈርሽልኝ እመልስልሻለሁ ይላታል፣ ለብሳው ትጨፍርና ከፉጂ ተራራ በላይ ወጥታ ጉም ውስጥ ትጠፋለች። በቃ ይሄው ነው፣ ግን መድረክ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ታሪኩን ካወቅህ ያ ሰዓት ቃል በማሳደድ አያልቅም፣ ጭምብሉን ታያለህ።

ጭምብሉ ከእንጨት የተቀረፀ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ተዋናዩ ፊቱን ትንሽ ቀና ሲያደርግ ግን ብርሃኑ ያርፍበትና ፈገግ ያለ ይመስላል፣ ዝቅ ሲያደርግ ጥላ ይወድቅበትና ያዘነ ይሆናል፣ እሳቱ ደሞ በንፋስ ሲወዛወዝ ጭምብሉ የሚተነፍስ ነው የሚመስለው። ለቅሶ ማለት እጅን ቀስ አድርጎ ወደ አይን ማስጠጋት ብቻ ነው፣ ያቺን ሰከንድ ስልክ እያየህ ካሳለፍክ ለቅሶው አመለጠህ። ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ደረስኩ ካለም ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። ለዚህ ነው ትንሽ ባይኖኩላር ያዙ የምለው፣ ከሌላው ዕቃ ሁሉ እሱ ይበልጣል።

የት ልቀመጥ ካላችሁ፣ ከተገኘ ፊት ለፊት። ካልተገኘ ከተመልካች በግራ በኩል ተዋናዮቹ የሚገቡበት ድልድይ አለ፣ እሱ የሚታይበት ቦታ ያዙ፣ ምክንያቱም ጭምብል ያደረገው ዋናው ተዋናይ እግሩን ሳያነሳ እየሳበ በዛ ድልድይ ሲመጣ ማየት ራሱን የቻለ ነገር ነው።

ልብስ ደረብ አድርጉ፣ ትንኝ መከላከያ ተቀቡ፣ ጃንጥላ የኋላውን ሰው ስለሚጋርድ የዝናብ ካፖርት ይዛችሁ ሂዱ። ፎቶና ቪዲዮ ክልክል ነው፣ ስልኩን አጥፉት።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ደሞ መስገድ አለብኝ ወይ የሚለውን ነው። የለባችሁም። ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም ማንም አያስገድዳችሁም፣ የሰው አምልኮ ቦታ መሆኑን አክብራችሁ ዝም ብላችሁ መቀመጥ በቂ ነው። እሳቱን የሚያቀጣጥሉበት ስነ ስርዓት ሲጀመር ግን እባካችሁ አታውሩ።

በመሃል ኪዮገን የሚባል አስቂኝ አጭር ድራማ ይገባል፣ እዛ ላይ እንደልባችሁ ሳቁ። ኖው ሲያልቅ ግን ቶሎ አታጨብጭቡ፣ ዋናው ተዋናይ በድልድዩ አልፎ እስኪወጣ ጠብቁ፣ ከዛ ሌላው ሰው ሲጀምር አብራችሁ። ከሄይአን ጂንጉ ስትወጡ አውቶብሱ ስለሚጨናነቅ እስከ ሂጋሺያማ ሜትሮ ጣቢያ በእግር ሂዱ፣ አስር ደቂቃ ቢሆን ነው።