ብሎክ ብቻ አይበቃም፤ ሪፖርትም አድርጉ

ልጃችሁን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያስቸግር ሰው ካለ ብሎክ አድርጋችሁ ብቻ አትተዉት። ሪፖርትም አድርጉት። ስምና ፎቶ ቀይሮ በአዲስ አካውንት መመለስ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ስልክ መቀየር ግን ወጪ አለው። ሪፖርቱ የሚደርሳቸው የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ደግሞ ከአካውንቱ አልፈው መሣሪያውን ራሱን ሊለዩት ይችላሉ። የስልኩ ሞዴል፣ የስክሪኑ መጠን፣ ቋንቋው፣ የሰዓት ቀጠናው ለየብቻ ብዙ አይናገሩም። ሲገጣጠሙ ግን እንደ ጣት አሻራ ይሆናሉ። ማምለጫ የለውም ማለት አይደለም። ቢሆንም የተመላሹን ሥራ ያከብድበታል።

ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት የመልእክቶቹን ስክሪንሾት ያዙ፤ ለማንም ግን አታሰራጩ። ኢንስታግራም ላይ ሰውዬው ያሉትን ሌሎች አካውንቶችና ወደፊት የሚከፍታቸውንም ጨምሮ ብሎክ የሚያደርግ ምርጫ አለ። እሱን ምረጡ።

ሌላው፣ ብዙ ወላጅ የማያየው ነገር አለ። ፌስቡክም ኢንስታግራምም ቲክቶክም በልጁ አካውንት የገቡትን መሣሪያዎች ዝርዝር ያሳያሉ። ሴቲንግ ውስጥ የደህንነት ክፍሉን ክፈቱ። ይህን ከልጁ ጋር ሆናችሁ አድርጉት፣ በድብቅ አይሁን፤ የተሰለለ ልጅ ችግር ሲገጥመው አይነግራችሁም። የማታውቁት ስልክ ካያችሁ አስወጡት፤ ወዲያው ፓስወርድ ቀይሩና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከፓስወርዱ በተጨማሪ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) አብሩ። የሚታየው ከተማ ግምት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። በእሱ አትደንግጡ፤ ይልቅ የመሣሪያውን ዓይነትና የገባበትን ሰዓት እዩ።