ከፋጉሎ ዱቄት ውስጥ ሄክሴን እንዴት ወጥቶ ይመለሳል?

የአኩሪ አተር ዘይት፣ ዘይት በሚያሟሟው ፈሳሽ በሄክሴን ታጥቦ ከወረደ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ እርጥብ ነው፤ ከክብደቱ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉ አሟሚ ነው። እንዲህ እንዳለ ለከብት አይሰጥም፤ ይጣል ቢባል ደግሞ ገንዘብ መድፋት ነው። መልሶ የመያዙ ዘዴ አረቄ ሲወጣ ላየ ሰው አዲስ አይደለም፤ ይሞቃል፣ ተኑ በቱቦ ይሄዳል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ፈሳሽ ይሆናል። የሚያስቸግረው ብናኙ ነው።

ይህ በጓሮ የሚሞከር ሥራ አይደለም። የሄክሴን ተን ከአየር ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ጉድጓድና ቦይ ውስጥ ይተኛል፤ ከአየር ጋር ከ1.1 እስከ 7.5 በመቶ ከተቀላቀለ ለመፈንዳት አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ስለዚህ ማሽኑ፣ ማለትም ትሪዎች አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩበት ማሞቂያ፣ ከመሞቁ በፊት በውስጡ ያለው አየር በናይትሮጅን ወይም በእንፋሎት ይባረራል።

መጀመሪያ ፋጉሎው በደንብ ይንጠፍጠፍ። ደቃቁ ከበዛ ሄክሴኑን እንደ ሰፍነግ ይዞ አይለቅም፤ መድኃኒቱም ወደ ኋላ ተመልሶ የፍሬውን አደቃቀቅ ማስተካከል ነው።

ቀጥሎ በላይኛዎቹ ትሪዎች ላይ እየተማሰለ ከሥር ይሞቃል። ሄክሴን የሚፈላው 69 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚህ ላይ ሁሉንም ለማድረቅ መቸኮል ስህተት ነው፤ የደረቀ ዱቄት ከተኑ ጋር ይበራል።

ከዚያ እንፋሎት በቀጥታ ዱቄቱ ውስጥ ይለቀቃል። የሥራው እምብርት ይህ ነው። እንፋሎቱ ዱቄቱ ላይ ውሃ ሲሆን የሚለቀው ሙቀት፣ አንዱ ኪሎ ከስድስት ኪሎ በላይ ሄክሴን ሊያተን ይችላል፤ ውሃው ደግሞ ብናኙን እርስ በርሱ ያያይዘዋል። ከመጠን ካለፈ ግን ልክ በደንብ እንዳልተማሰለ ገንፎ ይጓጉልና ሄክሴኑ ጉብታው ውስጥ ይቀራል። ዓይን የሚጣለው ከላይ በሚወጣው ተን ሙቀት ላይ ነው። 70 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ብዙ ከወጣ እንፋሎቱ ሥራ ሳይሠራ እያለፈ ነው፤ ወደ 62 ከወረደ ደግሞ ፋጉሎው ሄክሴን ይዞ ሊወርድ ይችላል። በታችኞቹ ትሪዎች ከ100 ዲግሪ በላይ ይቆያል፤ ለአኩሪ አተር ይህ በሆድ ውስጥ መፈጨትን የሚያውከውንም ነገር ይሰብርለታል። በመጨረሻ በሞቀ አየር ደርቆ ይቀዘቅዛል።

ተኑ ወደ ማቀዝቀዣው ከመግባቱ በፊት ይዞት የመጣው ብናኝ እንዲቀር በሙቅ ውሃ ርጭት ይታጠባል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ሄክሴኑ እዚያው ፈሳሽ ሆኖ ከብናኙ ጭቃ ጋር ይቀላቀላል።

ከማቀዝቀዣው የሚወርደው ፈሳሽ ገንዳ ውስጥ ጸጥ ብሎ ይተኛ። ሄክሴንና ውሃ ስለማይዋሃዱ ሄክሴኑ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ተመልሶ ወደ ዘይት ማጠቢያው ይሄዳል። ውሃው ግን ወደ ፍሳሽ ከመለቀቁ በፊት ይሞቅ፤ ጥቂት ሄክሴን ይዟልና። በሁለቱ መካከል ቡናማ አተላ ከታየ ብናኝ አልፏል ማለት ነው፤ ገንዳውን ከማጠብ በፊት የርጭቱ አፍንጫዎች ተደፍነው እንደሆነ ይታይ።