ቀይ ጋርኔታችሁን በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉት

ቀይ ጋርኔት የተባለው የከበረ ድንጋይ ያለበት ቀለበት ወይም የጆሮ ጌጥ ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አቧራ ሲይዘው በደረቅ ጨርቅ ፈተግ ፈተግ አታድርጉት። አቧራ ውስጥ ብዙ ጊዜ ኳርትዝ የተባለው፣ አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ጠንካራ ማዕድን ብናኝ አለ። የኳርትዝ ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው የሞዝ መለኪያ 7 ነው፤ የጋርኔት ደግሞ ከ6.5 እስከ 7.5። ስለዚህ ብናኙ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ሊጭረውና ሊያደበዝዘው ይችላል።

የሚሻለው ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ነው። ትንሽ ዘፍዝፉት፤ ከዚያ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እሹት። በተለይ ጀርባውን አትርሱ። ቅባትና ሎሽን የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ብርሃን አላሳልፍ ሲል ድንጋዩ ጥቁር ይመስላል። አጥባችሁ ወደ መስኮት ስታዞሩት ግን ቁርጥ የሮማን ፍሬ! ስሙም የመጣው ከዚያው ነው፤ በላቲን ግራናቱም ማለት ሮማን ነው።

የፈላ ውሃና እንፋሎት ግን በፍጹም አይሞከርም። ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ሊሰነጥቀው ይችላል። ከአልማዝ፣ ከሩቢና ከሳፋየር ጋርም አንድ ላይ አታስቀምጡት፤ ይጭሩታል።

ቀይ ጋርኔት ከህንድ፣ ከስሪላንካ፣ ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ ይወጣል። የቼክ ቦሄሚያ ደግሞ ፓይሮፕ በተባለው ደማቅ ቀይ ዓይነት ከጥንት ጀምሮ ትታወቃለች።

ሩቢ ይሁን ጋርኔት ግራ ከገባችሁ፣ ያልታሰረውን ድንጋይ በክር አንጠልጥሉና ጠንካራ የኒዮዲሚየም ማግኔት አስጠጉለት። ቀይ ጋርኔት ውስጡ ብረት ስላለ ወደ ማግኔቱ ጠጋ ይላል። ሩቢ ንቅንቅ አይልም።